በእጅ የተሣለ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ፦ ስሙ የጠፋውን ሠዓሊ በወሎ እንዴት እናፈላልግ?

የቆየ ሳጥን ሲከፈት ከውል ወረቀትና ከጉርድ ፎቶ መሐል በእጅ የተሣለ ካርድ ብቅ ማለቱ በደሴም ሆነ በወልድያ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በሐይቅ ብርቅ አይደለም። ጽጌረዳ አለ፣ እርግብ አለ፣ ክንፉን የዘረጋ መልአክ አለ፣ አልፎ አልፎም ጨረቃና የመስጊድ ሚናራ። ከላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል፤ የሣለው ሰው ስም ግን የለበትም። ይህ ጽሑፍ ያንን ሰው ለማግኘት ለተነሣ ነው፤ የቤተሰቡን ቅርስ የሚሰበስብም ይሁን የሠፈሩን ታሪክ የሚጽፍ።

ብዙው ፍለጋ የሚበላሸው በአንድ ድምዳሜ ነው፦ «ይህ መልአክና ያ መልአክ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ የሣላቸው ሰውም አንድ ነው»። የካርድ ሥዕል የጋራ ንብረት ነው። ታናሽ ከታላቁ፣ ታላቁ ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ የቀን መቁጠሪያው ሠሪም ከሌላ አገር ከመጣ ሥዕል ሲገለብጥ ኖሯል። ለእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ ሥለው በየጎረቤቱ የሚያድሉ ልጆችም ሳይቀሩ ካርቦን ወረቀት ከሥር አንጥፈው ያባዙ ነበር። ሠዓሊው የሚገኘው ገልባጭ ልብ በማይለው ነገር ውስጥ ነው፤ ፊደሉን በሚጥልበት፣ ቀለሙን በሚደርብበት፣ ወረቀቱን በሚቆርጥበት መንገድ።

መጀመሪያ ካርዱ እንዳይጎዳ

ካርዱን ላሚኔት አታስደርጉ። ሙቀቱ የማርከርን ቀለም ያፈሳል፤ ፕላስቲኩም ዳግመኛ አይነሣም። የተቀደደውን በስኮች አታያይዙ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወደ ወረቀቱ ገብቶ ቢጫ ያደርገዋል። ገጹ በሚጣበቅ አልበም ውስጥ ካለ ለመላጥ አትሞክሩ፤ እዚያው እንዳለ ፎቶ አንሡት። የግድ መውጣት ካለበት የጥርስ ክር ከካርዱ ሥር አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ እንደ መጋዝ ሳቡት፤ እንቢ ካለ ተዉት። ካርዱ ላይ ቁጥር መጻፍ ከፈለጋችሁ በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ጥግ ላይ ብቻ ይሁን። እስክሪብቶ ወደ ፊት ገጽ ይገፋል፤ ያ ጉድጓድ ነገ ከሠዓሊው መስመር ጋር ይምታታባችኋል።

ስካን ስታደርጉ 600 ዲፒአይ ይበቃል። የፊቱንም የጀርባውንም፣ ካርዱ ታጣፊ ከሆነ የውስጡንም፣ ፖስታው ካለ ፖስታውንም ስካን አድርጉ። ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡ፤ አለበለዚያ ከወር በኋላ መጠኑን የሚያስታውስ አይኖርም። ስካነር ከሌለ ስልክ ይሠራል፤ ፍላሹን አጥፍታችሁ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ ስልኩን ከካርዱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሡ። ቀጥሎ ክፍሉን አጨልሙና የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከጠረጴዛው እምብዛም ሳይነሣ አብርታችሁ ሌላ ፎቶ ጨምሩ። የእስክሪብቶ ጉድጓድ፣ በላጲስ የጠፋ የእርሳስ መስመርና የኮምፓስ ቀዳዳ የሚታዩት በዚህ ፎቶ ነው።

የደሴ ክረምት ጭጋጋማና እርጥብ ስለሆነ ካርዶችን ከጭቃ ግድግዳ ጋር አታስጠጉ፣ በላስቲክም ጥርቅም አድርጋችሁ አትጠቅልሉ፤ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ይሻግታል። ንጹሕ ወረቀት መሐል መሐላቸው አስገብታችሁ በካርቶን ሳጥን ውስጥ አስተኝታችሁ አኑሯቸው።

ወረቀቱና ቀለሙ ምን ይላሉ?

በቅድሚያ ነገሩ በእርግጥ በእጅ የተሣለ መሆኑን አረጋግጡ። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ስታዩት ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተደረደረ ከሆነ ኅትመት ነው። መስመሩ ታትሞ ቀለሙ ብቻ በእጅ የተቀባም አለ፤ ያ ከሆነ የምትፈልጉት ሁለት ሰው ነው፣ ሣዩና ቀቢው። በካርቦን የተገለበጠ መስመር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ ዳር ዳሩ ብናኝ ይመስላል፤ ከላዩም ብዙ ጊዜ በእስክሪብቶ ተደግሞበታል። መስመሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸው፣ የትም ቦታ ሳያመነቱና ሳይታረሙ የሚሄዱ ከሆነ ካርቦንን ጠርጥሩ።

ልኬት ብዙ ሰው የሚንቀው ፍንጭ ነው። ቁመቱንና ወርዱን በሚሊሜትር ለኩ። 105 በ148 ከሆነ ከኤ4 ወረቀት አራት ካርድ ወጥቷል ማለት ነው። ወደ 101 በ165 ከተጠጋ ፉልስካፕ፣ ማለትም 203 በ330 የሆነው የቢሮ ወረቀት ለአራት ተከፍሏል። ካርዶቻችሁ በሁለት ዓይነት ልክ ተከፍለው ከተገኙ ሠሪው ወረቀት የሚያገኝበት ቦታ ተቀይሯል፣ ወይም ሠሪዎቹ ሁለት ናቸው። ጠርዙንም ንኩት። በምላጭና በማስመሪያ የተቆረጠ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፤ በመቀስ የተቆረጠ መቀሱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ትንሽ ይሰበራል። ብዙ ካርድ ለሽያጭ የሚያዘጋጅ ሰው ምላጭ ይዞ ይደርባል፤ ልጅ መቀስ ይዞ አንድ በአንድ ይቆርጣል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ልብ ይባል።

የክቦቹን ስፋት መለካትም ያዋጣል። የፀሐይ፣ የአክሊለ ብርሃንና የጨረቃ ክብ በኮምፓስ ከሆነ መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳ ከሌለ በአንድ ነገር ዙሪያ ተሥሏል፤ ሳንቲም፣ ቆርኪ፣ የብርጭቆ አፍ። በአምስት ካርድ ላይ ክቡ እኩል ከወጣ ያ ሰው አንድ ቋሚ መሣሪያ ነበረው፤ ይህን ማስረጃ ገልባጭ ሊያስመስለው አይሞክርም።

ጀርባውን በደንብ እዩ። ወፍራም ወረቀት በጠፋበት ጊዜ ካርድ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ፣ ከቢሮ ቅጽ፣ ከደብተር ሽፋን፣ ከዕቃ ካርቶን ይቆረጥ ነበር። የተቆረጠ የቀን መቁጠሪያ ላይ ዓመተ ምሕረት ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ፤ ካርዱ ከዚያ ዓመት አይቀድምም። የቢሮ ቅጽ ከሆነ ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ያዙ፤ ሠዓሊው ወይም ዘመዱ እዚያ ይሠራ እንደሆነ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው።

ቀለሙ የሚነግረው «ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም» የሚለውን ብቻ ነው። እስክሪብቶ በዓለም ገበያ የተስፋፋው ከ1945 ወዲህ፣ ጫፈ ስፖንጅ ማርከር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ፣ ጄል እስክሪብቶ ከ1984 ወዲህ ነው፤ ሦስቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። ወሎ ገበያ እስኪደርሱ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ወረቀቱን በሐሰተኛ ብር መለያ መብራት ሥር አድርጉት፤ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ ማንጫ ኬሚካል ያለበት ስለሆነ በፈረንጅ ከ1950 አካባቢ ወዲህ የተሠራ ነው። ቦግ አለማለቱ ግን አሮጌነቱን አያረጋግጥም፤ ዛሬም ያ ኬሚካል የሌለበት ወረቀት አለ። መብራቱን ስትጠቀሙ ካርዱን በኦሞ በታጠበ ጨርቅ ላይ አታስቀምጡ፤ ጨርቁ ራሱ ያበራና ያሳስታችኋል።

የደበዘዘ ቀለምም ያታልላል። ማርከር ብርሃን ሲያገኘው ይገረጣል፣ አንዳንዱም ጭራሽ መልኩን ይቀይራል፤ ግድግዳ ላይ የቆየና ሳጥን ውስጥ የቆየ የአንድ ሰው ካርድ የሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። ትክክለኛውን መልክ የምታገኙት ፍሬም ወይም የአልበም ማዕዘን በሸፈነው ጠርዝ ላይ ነው።

ዓመቱን ማጥበብ

ብዙ ካርድ ዓመት አይጻፍበትም። ባይጻፍበትም የሚቆጠር ነገር ይተዋል።

ከሁሉ የተሻለው የወንጌላዊው ስም ነው። «ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ዮሐንስ በሰላም አሸጋገራችሁ» የሚል የእንቁጣጣሽ ካርድ ካላችሁ አራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ዘመን ይዛችኋል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስታካፍሉ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ወረቀቱና ቀለሙ ከ1955 እስከ 1967 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ካመለከቱ፣ ለዘመነ ዮሐንስ የሚገጥሙት 1956፣ 1960 እና 1964 ብቻ ናቸው።

የሳምንቱ ቀን ከተጠቀሰ ይበልጥ ይጠባል። የመስከረም 1 ዕለት በባሕረ ሐሳብ እንዲህ ይገኛል፦ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሩ፤ ድምሩን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን ትታችሁ ድርሻውን በድምሩ ላይ ጨምሩ፤ የተገኘውን ለ7 ግደፉ፣ ማለትም ለ7 አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ። 1 ከተረፈ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ምንም ካልተረፈ ሰኞ። ለ1960 ስንሠራው 7460 ሲደመር 1865፣ 9325 ይሆናል፤ ለ7 ሲገደፍ 1 ይተርፋል፤ ማክሰኞ ነው። 1956 ሐሙስ፣ 1964 እሑድ ላይ ይውላሉ። ስለዚህ ላኪው ካርዱ ውስጥ «ማክሰኞ ለእንቁጣጣሽ እንመጣለን» ብሎ ከጻፈ፣ ዓመቱ 1960 ነው። ስሌቱ ከከበዳችሁ የአጥቢያችሁ መሪጌታ ከእናንተ ቀድሞ ይጨርሰዋል።

የገና ካርድ ላይ «ታኅሣሥ 28» የሚል ካለ የጻፈው ሰው ተሳስቶ ላይሆን ይችላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚከበረው በ28 ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ውስጥ ስለሚዘዋወርና አንድ ቀን በአንድ ምዕት ደጋግሞ ስለሚመጣ ብቻውን ብዙም አያጠብም። የኢድ ካርድ ግን እጅግ ይጠቅማል። የሒጅራው ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ኢድ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ ዙሮ ወደ ቦታው የሚመለሰው በ33 ዓመት ገደማ ነው። ወርና ቀን ብቻ ያለበት የኢድ ካርድ በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ የሚገጥመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። ጨረቃ የታየችበት ቀን አንድ ቀን ሊያዛባ እንደሚችል፣ ካርዱም ከበዓሉ ጥቂት ቀን ቀድሞ ሊጻፍ እንደሚችል ታሳቢ አድርጉ።

ከዚያ አድራሻው ይመጣል። «ወሎ ጠቅላይ ግዛት» ከንጉሡ ዘመን፣ «ወሎ ክፍለ ሀገር» ከደርግ ነው። «የጁ አውራጃ»፣ «ቃሉ አውራጃ»፣ «ላስታ አውራጃ» የሚሉት በሁለቱም ዘመን ሠርተዋል። «ሰሜን ወሎ» እና «ደቡብ ወሎ» ተለይተው ከተጻፉ ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። የከተማ አድራሻ ላይ የቀበሌ ቁጥር ካለ ቀበሌዎች ከተቋቋሙበት ከ1967 ዓ.ም. አይቀድምም። የንጉሡ ምስል ያለበት ቴምብር ወደ ቀደመው ዘመን ያዘነብላል። የፖስታ ማኅተም ስታነቡ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተመታ አረጋግጡ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የፖስታ ሳጥን ቁጥርም ጻፉ፤ ሳጥኑ የፎቶ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል።

እጅን ከእጅ መለየት

አሁን ካርዶቻችሁን በሥዕሉ ዓይነት ሳይሆን በእጁ ደልድሉ። ዕድለኛ የሚያደርገን ነገር አለ፤ ሁሉም ካርድ ማለት ይቻላል ያንኑ ሁለት ቃል ተሸክሟል። «እንኳን አደረሳችሁ» ውስጥ የ«ኳ» ቀለበት፣ የ«ደ» ወገብ፣ የ«ሳ» የረዘመ እግር፣ የ«ች» አናት፣ የ«ሁ» ቅጥል አሉ። እያንዳንዱን ፊደል ከየካርዱ ቆርጣችሁ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ደርድሩ፤ በኮምፒውተር ቀላል ነው፣ በታተመ ወረቀትና በመቀስም ይሆናል። ሰው ጽጌረዳ ሲገለብጥ ይጠነቀቃል፤ «ሁ» ሲጽፍ ግን የለመደውን ነው የሚጽፈው።

ጥንቃቄ፦ የሚነጻጸረው በሥዕሉ ላይ እንደ ጌጥ የተጻፈው ጽሑፍ ብቻ ነው። ውስጥ ያለው መልእክት የገዢው እጅ ነው። ሁለቱን አንድ አድርገው ላኪውን ሠዓሊ ያደረጉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ሆሄ አጠቃቀምም ይረዳል። «ዓመት» ወይስ «አመት»፣ «ሠላም» ወይስ «ሰላም»፣ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ አለ ወይስ ባዶ ቦታ፣ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ነው ወይስ በተለመደው? የቅዱሱን ስም በቀይ የሚጽፍ፣ ፊደሉን በቁም ጽሕፈት የሚያቆም ሰው ቤተ ክህነት ሳይዳስሰው አልቀረም። እንዲህ ያለ እጅ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድም ይዞ ይመጣል፦ ጻድቁ በሁለት ዓይን ሙሉ ፊቱን፣ ክፉው በአንድ ዓይን ጎኑን ብቻ። በዓረብኛ ፊደል የተጌጠ የኢድ ካርድ ከሆነ ጽሑፉን መድረሳ የቀራ ሰው ያንብብላችሁ። ወሎ ውስጥ አማርኛን በዓረብኛ ፊደል የመጻፍ የቆየ የዐጀም ልማድ ስላለ፣ ዓረብኛ መስሏችሁ ያለፋችሁት መስመር አማርኛ ሊሆን፣ እንዲያውም ስም ሊሆን ይችላል። የገናውን ካርድ ከኢዱ ካርድ በሁለት ሣጥን ለይታችሁ አታስቀምጡ። ክርስቲያንና እስላም በአንድ ቤት በሚኖርበት አገር ለሁለቱም በዓል የሣለ አንድ እጅ መኖሩን አስቀድሞ መዝጋት አያስፈልግም።

ከፊደል ቀጥሎ የጭረት አቅጣጫ ይታይ። ቀኝ እጁ የሆነ ሰው ጥላ ሲያጠላ ጭረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ያዘነብላል፤ የግራኝ በተቃራኒው። ቀለም አደራረቡንም እዩ፤ መጀመሪያ ጥቁሩን መስመር አስምሮ ውስጡን ይሞላል ወይስ ቀለሙን ቀብቶ በመጨረሻ ይከበዋል? በመነጽር ስታዩት የትኛው ከላይ እንዳለ ይታያል። ቅጠሉ ከግንዱ የሚነሣበት ቦታ፣ ከጠርዝ እስከ ፍሬም መስመር ያለው ርቀት፣ ወፏ ወደየት እንደምትዞር ደግሞ በሰንጠረዥ ያዙ። ቢያንስ አራት ወይም አምስት እንዲህ ያሉ ልማዶች ሳይገጥሙ ሁለት ካርድ የአንድ ሰው ነው አትበሉ። አንዱ ልማድ በግልጽ ከተቃረነ ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን አያድናችሁም፤ ምክንያቱን ፈልጉ።

እያንዳንዱን እጅ ጊዜያዊ ስም አውጡለት፤ «ረጅም ሳ»፣ «ግራኙ»፣ «ባለ ቆርኪው» እንደማለት። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ያልተረጋገጠ የሰው ስም ቸኩሎ ከመለጠፍ ይጠብቃል፤ አንዴ የተለጠፈ ስም ደግሞ በቀላሉ አይነሣም።

ሰው መጠየቅ

ካርድ ሠሪ ራሱን ሠዓሊ ብሎ ላይጠራ ይችላል። ስለዚህ «እዚህ የነበረ ሠዓሊ ታውቃላችሁ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ የምትሰሙት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሣሉትን ነው። ይልቅ ሙያውን ተከተሉ፦ ታፔላ ጻፊ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ መጋረጃ የሚቀባ ወይም ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም የሚያለብስ፣ የቀበሌ መፈክር የሚጽፍ፣ የኪነት ቡድን መድረክ የሚያስጌጥ፣ የእጅ ሥራ መምህር። በጨርቅ ላይ የጥልፍ አበባ የሚነድፉ ሴቶችም አይዘለሉ፤ የትራስ ልብስ ላይ ያለው ጽጌረዳና የካርዱ ጽጌረዳ አንድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ጠያቂዎች ግን ወንድ ሠዓሊ ብቻ ሲፈልጉ ያልፏቸዋል። ከሁሉ በፊት ግን የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጡ የነበሩ አረጋውያንን ፈልጉ። ወፍራም ወረቀትና የውሃ ቀለም ነሐሴ ላይ በብዛት የሚገዛውን ሰው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ደሴ ላይ ከፒያሳና ከአራዳ፣ እንዲሁም ከሰኞ ገበያ የቆዩ ሱቆች መጀመር ይቻላል።

ሰዓቱን ምረጡ። የገበያ ቀን፣ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በፊትና እሑድ ጧት አትሂዱ። ባቲ ከሆነ ሰኞ ጨርሶ አይታሰብም። ቡና ወይም ስኳር ይዛችሁ ግቡ፤ «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «ሐጂ»፣ «መምሬ» እንደ ሰውየው ይሁን። በአቦል ላይ የሚወጣው ወሬ ስለ ልጆችና ስለ ጤና ነው፤ ስም የሚወጣው ከቶና በኋላ ነውና አትቸኩሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ካርዱን ሳታሳዩ ይሁን፦ «ያኔ ለእንቁጣጣሽ ካርድ የምትገዙት ከየት ነበር?» ካርዱን ቀድማችሁ ዘርግታችሁ «ይህን እገሌ ነው የሣለው ይባላል፤ እውነት ነው?» ካላችሁ፣ ሰው እንግዳ ላለማሳፈር «አዎ ልጄ» ይላል፤ ያ መልስ አይደለም። ቀጥሎ አምስት ካርድ አሳዩ፤ አንዱ ከሌላ አገር የመጣ ይሁን። ያንንም «የእሱ ነው» ካሉ ምስክርነቱን በዚያው ልክ አቅልላችሁ ያዙ። ዓመት አትጠይቁ፤ ሁነት ጠይቁ፦ ንጉሡ ሳሉ ነው? ከ66ቱ ረሃብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የዕድገት በኅብረት ዘማቾች የመጡ ጊዜ ይሸጥ ነበር? በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ሰውየው እዚህ ነበር?

ስሙ ሲነገራችሁ የአባቱንና የአያቱን ስም ጨምራችሁ ያዙ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ የራስ ስም ብቻውን የትም አያደርስም፤ ካርድ ጥግ ላይ ያለ «ተ.መ.» ደግሞ የመቶ ሰው ሊሆን ይችላል። የቅጽል ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ ሃይማኖት ቀይሮ ከሆነ የቀድሞ ስሙንም ጠይቁ። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ እያላችሁ በሁሉም አጻጻፍ መዝግቡ፤ የመዝገብ ፍለጋ ላይ ያለ እሱ ትቸገራላችሁ።

ፍለጋው በ1969 እና 1970 አካባቢ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ድንገት ከተቋረጠ፣ አሳዛኝ ነገር ልትነኩ ትችላላችሁ። ተጠያቂው ዝም ካለ ጥያቄውን ተዉት። በ1977 እና 78 ሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል የሄደ ቤተሰብም ብዙ ነው፤ ወሎ ላይ ዱካው የጠፋ ሰው የልጅ ልጁ እዚያ ይገኝ ይሆናል።

መዝገብ

ከቃል በኋላ ወረቀት ይከተላል። ደሴ ላይ የቀድሞው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን የወሎ ተማሪ ማዕከል ስለነበረ፣ ሠዓሊው ተማሪ ወይም መምህር ነበር ከተባለ ፍለጋው እዚያ ይጀምራል፤ የመምህር አካለወልድና የሌሎቹ ትምህርት ቤቶች መዝገብም አይቅር። የትምህርት ቤት መዝገብ ክፍል ሲጠይቁ «አንድ ሠዓሊ ፈልጌ» ማለት አይበቃም፤ ሙሉ ስምና የተማረበትን ዘመን በግምት ይዛችሁ፣ ከቤተሰቡ የተሰጠ የፈቃድ ደብዳቤ ጨምራችሁ ቅረቡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ንብረት ስለወደመ፣ አንድ መዝገብ «የለም» ሲባል ሰውየው አልነበረም ብላችሁ አትደምድሙ። የእድርና የማኅበር መዝገብ በግለሰብ ቤት የሚቀመጥ ስለሆነ ተርፎ ሊገኝ ይችላል፤ ሽፋኑን ያስጌጠውም ያው የምትፈልጉት እጅ ሊሆን ይችላል፤ ፊደሉን አነጻጽሩት።

አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ሲኖር ነው። ሰውየው ሥዕል ተምሯል ከተባለ፣ በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስላለ የተማሪ መዝገብ እዚያ ይጠየቃል። ጋዜጣና መጽሔት ለማየት ደግሞ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አሉ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣ ስለሆነ ሙሉውን ማገላበጥ ከንቱ ድካም ነው፤ ባጠበባችሁት ዓመት ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ያሉትን ሁለት ሁለት ሳምንት ብቻ እዩ።

ስሙ ሲገኝ

ድምዳሜያችሁን በሦስት ደረጃ ጻፉ። ፊርማ ወይም የቅርብ የዓይን ምስክር ከእጁ ልማድ ጋር ከገጠመ «የእገሌ ሥራ ነው»፤ እጁ ገጥሞ ምስክሩ የሩቅ ከሆነ «የእገሌ ሳይሆን አይቀርም»፤ ሥዕሉ ብቻ ከተመሳሰለ «የእገሌን አሠራር የሚመስል»። ሦስተኛውን እንደ አንደኛው ማውራት በዚህ ሥራ ውስጥ በብዛት የሚታይ ጥፋት ነው። ለእያንዳንዱ ካርድ ማን ቤት እንደተገኘ፣ ማን እንደመሰከረ፣ በምን ቀን እንደሆነ አብራችሁ አኑሩ።

ካርዱ የእናንተ መሆኑ ሥዕሉን የእናንተ አያደርገውም። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠሪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል፤ ለወራሾቹ ያልፋል። ለመጽሐፍ፣ ለቲሸርት ወይም ለሚሸጥ አዲስ ካርድ ከመጠቀማችሁ በፊት ወራሾቹን በጽሑፍ አስፈቅዱ። ስካኑን ሙሉ በሙሉ በፍላሽ ለቤተሰቡ ስጡ፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ በሌላ ከተማ በሚኖር ሰው እጅ ይቀመጥ። በፋይሉ ስም ውስጥ ቦታውን፣ ተራ ቁጥሩንና ገጹን አስገቡ፤ ለምሳሌ «ሐይቅ-014-ጀርባ»። ስልክ ላይ በተሰጠው ቁጥር ብቻ የቀረ ፎቶ ከዓመት በኋላ ከየትኛው ቤት እንደመጣ የሚያውቅ አይኖርም።